የይርዳው ቆይታ

ትርሲት ከሥራ ስትመለስ በሕንፃው በር ላይ የተገጠመው ጠያቂ ማሽን እንደ ወትሮው አስቆማት።

«እንዴት ዋልሽ፣ ትርሲት? እትዬ ጥሩወርቅ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ናሆም እንዴት ነው?»

«ደህና።»

«ወንድምሽ ይርዳውስ?»

ዝም አለች። ጠያቂው ጠበቀ። ከኋላዋ የተጠቀለለ ፍራሽ የተሸከመ ጎረቤት ቆሞ ነበር፤ ፍራሹን ከአንድ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

«እሺ፣ በኋላ እጠይቅሻለሁ» አለ ጠያቂው ሳይቀየም። በሩ ተከፈተ።

ይርዳው ከቤት ከወጣ ከወር በላይ ሆኖታል። የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ወደ ቆላው ወርዶ የተበላሹ ፓምፖችን ሊያይ መሣሪያውን ይዞ ማክሰኞ ጠዋት ወጣ፣ እስከ ቅዳሜ እመለሳለሁ አለ፣ አልተመለሰም። ስልኩ አይጠራም። መሥሪያ ቤቱን ስትጠይቅ «ቆይታው ክፍት ነው፣ ሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ አገኘች። ማን አየው ብላ ስትጠይቅ ያየው ሰው አልነበረም።

ቆይታ ድሮ ትንሽ ነገር ነበር። ሰው ባንክ ወይም ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ላይ በስሙና በይለፍ ቃሉ ይገባል፤ ገጹም እስኪወጣ ድረስ ያስታውሰዋል። ጥቂት ደቂቃ ዝም ካለ ይረሳውና «ቆይታዎ አብቅቷል፣ እባክዎ እንደገና ይግቡ» ይለዋል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህ ብዙ ሰው አስመረረ። ግማሽ ድረስ የተሞላ ማመልከቻ ይጠፋል፤ የተያዘ ተራ ይበተናል። ስለዚህ ቆይታው እየረዘመ ሄደ። ከደቂቃ ወደ ሰዓት፣ ከሰዓት ወደ ቀን ተዘረጋ፤ ከገጹም ወጥቶ በር፣ አሳንሰር፣ ታክሲና ክሊኒክ ውስጥ ገባ። አሁን ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ቆይታ አለው። የክፍሉ በር የሚያውቀው፣ የሐኪም ተራው የሚጠበቅለት፣ የጀመረው ነገር ካቆመበት የሚቀጥልለት ቆይታው ክፍት እስከሆነ ድረስ ነው። ራሱ ዝም ቢል ሌላ ሰው ያራዝምለታል። የሚያውቀው ሰው በር ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ወይም ስልክ ላይ «ደህና ነው» ካለ ለሦስት ቀን ይታደሳል። አሠራሩ ክፉ ታስቦበት የመጣ አይደለም። የታመመ፣ ገጠር የሄደ ወይም ስልኩ የተሰበረበት ሰው ከቤቱ ውጭ እንዳይቀር ተብሎ ነው።

የቆይታ ጽሕፈት ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። እዚያ የሚሠሩት አቶ መክብብ ከብርዱ የተነሣ ጣቱ የተቆረጠ የሹራብ ጓንት አድርገው ነው የሚጽፉት። ትርሲትን መጀመሪያ በመጣችበት ቀን አስቀምጠው በትዕግሥት አስረዷት፤ ከዚያ በኋላም በመጣች ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምረው ያስረዷታል።

«እህቴ፣ ወንድምሽ ክፍት ነው።»

«ክፍት ነው ማለት ምን ማለት ነው? የት ነው ያለው?»

«የት እንዳለ አያሳይም። ክፍት መሆኑን ነው የሚያሳየው።»

«እኔ እኮ ጠፍቷል ነው የምልዎት።»

«ገባኝ። ግን እኛ የጠፋ የምንለው ቆይታው የተዘጋ ሰው ነው። ክፍት ሰው ፈልጉልኝ ብዬ ለፖሊስ ብልክ ይስቁብኛል። ይኸው፣ ትናንት እንኳ ከሰዓት በኋላ ታድሷል።»

«ማን ነው ያደሰው?»

«እሱን እኔም አላይም። ለሰው ምስጢር ሲባል ተሸፍኗል። የሚያውቀው ሰው ደህና ነው ብሏል፣ አለቀ።»

«ማን ነው እንደዚያ የሚለው?»

«ሰው ነዋ» አሉ አቶ መክብብ። «ሰው ሌላ ምን ይላል?»

ልትወጣ ስትል ግን ጠሯት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ካላደሰው ይዘጋል። ያኔ ፍለጋ እንጀምራለን። ግን ሲዘጋ የያዘው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በሩ፣ የቤት ተራው፣ የሐኪም ታሪኩ፣ የጀመረው ሁሉ። አንዳች አይቀመጥም፤ የተዘጋ ቆይታ የሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ነው። በማግስቱ ቢመጣ እንኳ ሕንፃችሁ እንደ እንግዳ ነው የሚያየው።»

«ክፍት ሆኖ ቢቆይስ?»

«ክፍት ሆኖ ቢቆይ ሁሉ ነገር ይጠብቀዋል። የሚፈልገው ግን የለም።»

ትርሲት እስከ መናኸሪያው ድረስ ይህን ስታመዛዝን ሄደች። ይርዳው ለቤቱ ተራ ስንት ዓመት እንደጠበቀ ታውቃለች። አንድ ቦታ ላይ ወድቆ ሊሆን እንደሚችልም ታውቃለች። ታክሲው ሳይመጣ ወሰነች፤ ይዘጋ።

«ደህና አይደለም» ማለት እንደማይጠቅም ቀድማ አይታዋለች። በጠፋ በመጀመሪያው ሳምንት ለጠያቂው እንደዚያ ብላው ነበር። ወዲያው ሁለት ጤና ረዳቶች ቃሬዛ ይዘው አምስተኛ ፎቅ፣ ይርዳው ከጓደኛው ከናሆም ጋር ወደሚኖርበት ክፍል ወጡ። አልጋው ላይ ማንም አልነበረም። «ታማሚ አልጋ ላይ አልተገኘም» ብለው መዘገቡ። ይህም እንደ መሻል ተቆጥሮ ቆይታው ታደሰ።

ስለዚህ የቀረው ዝምታ ነበር። በየቤቱ እየዞረች ጎረቤቱን ለመነች። የጀመረችው ከእትዬ ጥሩወርቅ ነው፤ የሕንፃውን ሰው ሁሉ ከነልጅ ልጁ የሚያውቁ፣ ጠያቂው ሳይጠይቃቸው የሚነግሩት ሴት ናቸው።

«ደህና ነው አትበሉ ነው የምትይው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ልበል? አይደለም ልበል? አፌ ቁርጥ ይበል። በሰው ልጅ ላይ አላሟርትም።»

«ምንም አይበሉ። ዝም ብቻ ይበሉ።»

«እንዴት ነው ተብዬ ዝም? ባለጌ ናት ቢለኝስ?»

«ማሽን ነው እኮ፣ እትዬ።»

«በስሜ ነው የሚጠራኝ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ክርክሩ በዚያ እንዳለቀ ሁሉ።

ሆኖም እሺ አሉ፤ መላም አበጁለት። ሙሉ አፍ ቆሎ ይዘው መግባት ጀመሩ። ጠያቂው ይጠይቃል፣ እሳቸው ያኝካሉ፣ በመጨረሻም «እሺ፣ በኋላ እጠይቅዎታለሁ» ይላል። «መጥፎ ልጅ አይደለም፣ ይታገሣል» አሉ ለትርሲት። ሌላው ሰውም ቃል ገባ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ልብስ ሰፊ በእናቱ ምሎ ቃል ከገባ በኋላ ከጎኗ ተለይቶ ወደ በሩ ሄደና፣ እንዴት ዋላችሁ ሲባል «ሁላችንም ደህና ነን፣ ይርዳውም፣ ሁሉም፣ ተመስገን» አለ። ከዚያ አፉን ያዘ።

«ትርሲት፣ አመለጠኝ። ይማረኝ፣ አመለጠኝ።»

እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ። ቀስ በቀስ ሰዉ ለመደ። በሩ ላይ የይርዳው ስም ሲነሣ አንዱ ይስላል፣ አንዱ ከረጢቱን ይበረብራል፣ አንዱ ጣራውን ያያል። ሕንፃው የሚያውቁትን ሰው የካዱ ሰዎች የሚኖሩበት ይመስል ነበር።

ከሳምንት በኋላ ትርሲት ወደ አቶ መክብብ ሄደች።

«ክፍት ነው» አሏት። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ታድሷል። ከትናንት ወዲያም። በየቀኑ ነው፣ እህቴ።»

በየቀኑ ሲታደስ ከአፉ ያመለጠው ሰው ሥራ ሊሆን አይችልም ብላ አሰበች። ሆን ብሎ የሚያደርግ ሰው አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው አፍ ማየት ጀመረች። ልብስ ሰፊው ደረጃ ላይ ሲያገኛት ለምን ቸኮለ? እትዬ ጥሩወርቅ ጎመን የላኩላት ከመቼ ወዲህ ነው? ሁለት ሴቶች ስታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ስለ እሷ ይሆናል፣ ስለ እሱም ይሆናል። ሰላምታቸው አልተለወጠም። የተለወጠው እሷ ሰላምታውን የምትሰማበት ጆሮ ነበር። ማን ይጠቀማል ብላ ስታስብ ሐሳቧ አምስተኛ ፎቅ ሄዶ ቆመ። ክፍሉ ለሁለት ሰው የተሰጠ ነው። ይርዳው ከተዘጋ ናሆም ለቅቆ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ወደሚያድርበት መኝታ ቤት ይዛወራል።

ናሆምን አሳንሰር ውስጥ አገኘችው።

«ክፍሉ እንዳይወሰድብህ ነው፣ አይደል?»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው የእጅ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ትርሲት፣ ከእሱ ጋር እኮ አራት ዓመት ኖሬያለሁ።»

«ለዚያ ነው የጠየቅኩህ።»

«ካልሲው ከካልሲዬ ተለይቶ አያውቅም። እኔ ነኝ እሱን በአልጋ የምለውጠው?»

«ታዲያ ማን ነው?»

«አላውቅም። የሁላችንንም አፍ የምታዪው አንቺ ነሽ። አይተሽ ንገሪን።»

አሳንሰሩ ቆመ። ቦርሳውን አንሥቶ የእሱ ባልሆነው ፎቅ ወረደ።

የትርሲትና የይርዳው እናት ወይዘሮ የሺመቤት ሸዋ ሮቢት ነው የሚኖሩት። ደም ግፊት አለባቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ለእናት በስልክ አይነገርም። ስለዚህ አልተነገራቸውም። በየቀኑ ይደውላሉ፣ ትርሲትም ይርዳው ቆላ መውረዱን፣ እዚያ ኔትወርክ እንደሌለ ትነግራቸዋለች። ከሚያውቁት ሰዎች ይህን እንደ ውሸት የቆጠረ የለም። ማንም ቢሆን እንደዚያ ያደርግ ነበር።

በሕንፃው ከእያንዳንዱ ክፍል በር በላይ ለየነዋሪው አንዳንድ የሽምብራ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ መብራት አለች። የነዋሪው ቆይታ ሲታደስ ሁለት ጊዜ ብልጭ ትላለች። ትርሲት ቅዳሜ ሥራ ስለሌላት ምሳ በልታ አምስተኛ ፎቅ ወጣችና ከይርዳው በር ፊት ለፊት ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። የይርዳው መብራት ብልጭ ስትል ወደዚህ በር የቀረበውን፣ የሚያወራውን፣ ደረጃው ላይ ያለውን ታያለች። እቅዷ ይህ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ናሆም አያት፣ ተመልሶ ገባ፣ ዱካ ይዞ ወጣ።

«ተቀመጪበት። ሲሚንቶው ይበርዳል።»

«ደህና ነኝ።»

«ተቀመጪ ባክሽ።» እሱ ራሱ ደፉ ላይ ተቀመጠ። «እኔም እዚሁ ነኝ። አፌን እያየሽ ጠብቂ።»

ተቀመጠች። ነፋሱ በኮሪደሩ ጫፍ የተሰጣውን አንሶላ ያንገላታ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ቆሏቸውን እያኘኩ አለፉ፣ ሁለቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሳይናገሩ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ናሆም አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እሷም እንደዚያው።

ስልኳ ጠራ።

«እማዬ።»

«ትርስዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንዲሁ ተቀምጬ።»

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ይርዳውስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እማዬ።»

ከበሩ በላይ የይርዳው አረንጓዴ መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች።

ናሆም መብራቷን አየ። ከዚያ ትርሲትን አየ። ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ።

በየበሩ አፏን ስትጠብቅ ነበር። በታክሲ ስትሄድ ከንፈሯን ነክሳ ነው የምትቀመጠው። ይህ ግን ምስክርነት መሆኑ አልታያትም፤ ለእናቷ የምትሰጣቸው መድኃኒት ነበር የመሰላት። በየቀኑ፣ ከሰዓት በኋላ።

«ሃሎ? ትርሲት? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም።» ናሆም ተነሥቶ አጠገቧ ቆመ። «እማዬ፣ ቁጭ ብለሻል?»

«ቁጭ ብያለሁ። ምነው?»

«ይርዳው የት እንዳለ አላውቅም።»

በስልኩ ውስጥ ዶሮ ስትንጫጫ ተሰማ። 

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ እናቷ።

«ከወጣ ጀምሮ። ለአንቺ ያልነገርንሽ ደም ግፊትሽን…»

«ተይው እሱን» አሉ። «አውቄው ነበር። ልጄ ኔትወርክ የሌለበት አገር ዛሬ ነው የሄደው? ዛፍ ላይ ወጥቶም ቢሆን ይደውላል። አንቺ ደህና ነው ስትይኝ ልታሳርፊኝ መሆኑ ገብቶኛል፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ዝም አልኩ። እዚህም ሰዉ ሁሉ ልጅሽ እንዴት ነው ይለኛል፣ እኔም ደህና ነው እላለሁ። ባጃጁ እንኳ ይጠይቀኛል። ምን ልበል?»

ትርሲት ስለ መብራቷ፣ ስለ ሦስቱ ቀን፣ ስለ አቶ መክብብ ነገረቻቸው። እናቷ ሳያቋርጡ ሰሙ።

«እና ልጄ እንዳይፈለግ ያደረግነው እኔና አንቺ ነን?»

«እኔና አንቺ ነን።»

«እሺ። ዝም እንበላ።»

«ሲዘጋ ሁሉ ነገሩ ይጠፋል፣ እማዬ። የቤት ተራው ሳይቀር። ቢመጣ በሩ አያውቀውም።»

«በሩ ባያውቀው እኔ አውቀዋለሁ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

ስልኩ ሲዘጋ ትርሲት ወደ ናሆም ዞረች። እሱ ግን ቀደማት።

«እኔን ሳትጠረጥሪ ሌላ ብትጠረጥሪ ነበር የሚገርመኝ» አለ። «ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ፣ ናሆም።»

«ዱካውን ግን ወደ ውስጥ መልሺልኝ» አለ።

በቀጣዮቹ ቀናት እናትና ልጅ እንደ ወትሮው ተደዋወሉ። ወይዘሮ የሺመቤት ስለ ማንጎው ማበብ፣ ስለ ሙቀቱ፣ የጎረቤት ፍየል ሽንኩርት መደብ ውስጥ ስለመግባቷ አወሩ። ትርሲት ስለ ብርዱ አወራች። ንግግራቸው መሃል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ ሁለቱም የቆሙበትን ያውቁታል፣ ዞረውት ያልፋሉ። አንድ ጊዜ እናቷ «ይር…» ብለው ጀመሩና አጥብቀው ሳሉ። «ጉንፋን ነው» አሉ። «ጉንፋን ነው» አለች ትርሲትም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሰው ሲጠይቃቸው ጥርሴን አሞኛል እያሉ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እንደሚያልፉ ነገሯት።

ናሆም እቃውን ቀድሞ ሰበሰበ። የይርዳውን ልብስና ትልቁን የቧንቧ መፍቻ በአንሶላ ቋጥሮ ሁለተኛ ፎቅ፣ ትርሲት ክፍል አስቀመጠው። ካልሲዎቹን ሳይለይ ሁሉንም ለእሷ ተወላት።

በሦስተኛው ቀን የይርዳው መብራት ጠፋች። ብልጭ አላለችም። ነበረች፣ ከዚያ አልነበረችም። የበሩ ቁልፍ ከውስጥ ቀጭ ሲል ተሰማ። ትርሲት ኮሪደሩን እስከ ጫፉ አየችው፤ በሁለቱም በኩል በየበሩ ላይ አረንጓዴ መብራቶች ተደርድረው በርተዋል። የቆይታ አገልግሎት በየወሩ ስንት ቆይታ ክፍት እንደሆነ ያስታውቃል፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ ይጨምራል፣ ሰውም በዚህ ደስ ይለዋል። ከእነዚህ በሮች ጀርባ ስንቱ ክፍል ውስጥ ሰው እንዳለ ለማወቅ አንኳኩቶ ማየት ያስፈልግ ነበር።

ወደ ውጭ ወጥታ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ጠያቂው አስቆማት።

«እንዴት ዋልሽ፣ ትርሲት? እትዬ ጥሩወርቅ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ናሆም እንዴት ነው?»

ከመመለሷ በፊት አሰበች። ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ በዓይኗ አይታዋለች።

«ደህና ነው። ጠዋት አይቼዋለሁ።»

በሩ ተከፈተ። ሦስተኛውን ጥያቄ ጠብቃ ቆማ ነበር። አልመጣም። በሩ ተከፍቶ ይጠብቃት ነበር።

በማግስቱ አቶ መክብብ ከማንም በፊት ጠሯት። ጓንታቸውን አውልቀው ነበር። ከፊታቸው ያለው ገጽ ባዶ ነው።

«የጠፋው ሰው ስም?»

«ያውቁታል እኮ፣ አቶ መክብብ። ስንት ቀን ነው የመጣሁት።»

«እኔማ አውቀዋለሁ።» ገጹን በአገጫቸው አመለከቱ። «እሱ ነው የማያውቀው። ከነአባቱ ንገሪኝ።»

«ይርዳው ዘለቀ» አለች። ስሙን ከጠራችው ሰንብታ ስለነበር ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጎልቶ ወጣ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩዋት።

አቶ መክብብ ቀስ ብለው ጻፉት።

«መጨረሻ ያየሽው የት ነው? ምን ለብሶ ነበር?»

ትርሲት ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ይህን ሁሉ ጊዜ በየበሩና በየታክሲው ስለ ወንድሟ ስትጠየቅ ኖራለች። ደህና ነው ተብሎ ሊመለስ የማይችል ጥያቄ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ደረጃው ላይ» አለች። «ቡናማ ሹራብ። ግራ ክርኑ ተተርትሯል። ስትመለስ እሰፋልሃለሁ ብዬው ነበር።»